ንገሪው፣ ንገሪያት

የክፍሏ ልጆች "ፖስታ" ነው የሚሏት። ስሙን ያወጡላት ገና በመጀመሪያው ዓመት ሲሆን፣ ያለ ምክንያት አላወጡትም። ልጅቷ ስታወራ የራሷ የሆነ ነገር ከአፏ አይወጣም። "እንትና እንዲህ አለ፣ እንትናዬ ደግሞ እንዲህ ብላ መለሰችለት" ነው ወሬዋ ሁሉ። ምሳ ምን ይሻልሻል ቢሏት እንኳ "ይቺ ዳቦ ትላለች፣ ያኛው ሩዝ ይላል" ብላ ቁጭ ነው። ኧረ አንቺስ? ሲሏት ትስቃለች። ሰው ምን አማረህ ሲባል ይስቃል እንዴ? ፖስታ ትስቅ ነበር።

አማካሪዋ ግን ሳቅ የሚገባት ሴት አልነበረችም። የመመረቂያ ጥናቷን ረቂቅ አንብባ ስትጨርስ መነጽሯን አወለቀች።

"ባል እንዲህ አለ፣ ሚስት እንዲህ አለች፣ እከሌ የተባለ ምሁር እንዲህ ጻፈ። ሁሉም ተናግሯል፣ ደስ ይላል። አንቺ የታለሽ?"

"እኔማ መምህር..."

"አዎ፣ አንቺማ?"

ፖስታ ሳቀች። ሴትዮዋ ታግሳ ጠበቀቻት፤ ሲሰለቻት ረቂቁን መለሰችላት።

"ጥናቱን ልታቀርቢ ፊታችን ስትቆሚ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የምጠይቅሽ። አንቺ ምን ትያለሽ? በራስሽ ቃል። ያን ካልመለስሽ አላሳልፍሽም፤ ብታለቅሺም አልሰማሽም፣ እወቂው።"

አማካሪዋ የጠየቀቻት ሌላው ሰው ሁሉ ሳያስበው የሚያደርገውን ነገር ነው። ለፖስታ ግን ተራራ ነው።

ርዕሱን ራሱ ከመጽሐፍ አላመጣችውም። "በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ የማይነጋገሩ ባልና ሚስቶች" የሚል ነው፤ የእናቷና የአባቷ ታሪክ ማለት ነው። አባቷ የአውቶቡስ ሹፌር፣ እናቷ የመድኃኒት ቤት ሻጭ። እሷ አፏን ልትፈታ ስትል ተኳረፉ፤ እሷም አፏን የፈታችው በእነሱ ቃል ነው። "ለአባትሽ ንገሪው"፣ "ለእናትሽ ንገሪያት"፤ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ፣ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ እሷን መሃል አድርገው። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሳሩ ነው ይባላል። ሳሩን ግን እስቲ ማን ጠይቆት ያውቃል?

ከዚያ ደግሞ ያ ነገር አለ። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ከቤት ከራቀች ወዲህ የጀመራት ነገር። አንድ ቀን የስታቲስቲክስ መምህሩ ጥያቄ ጠይቋት ተነስታ ቆመች፤ ከአፏ የወጣው ግን መልስ ሳይሆን በቀጭን የሕፃን ድምፅ "ውሃው ተዘግቷል አለችህ" የሚል ነበር። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ ራሰ በራ ነው፤ መላጣውን ዳበስ አድርጎ "አይ፣ አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም" ሲል ሳቁ ጣሪያ ነካ። ፖስታም ሳቀች። ያን ቃል ግን አላሰበችውም፤ ከየት እንደመጣም አታውቅም። ከዚያ ወዲህ በሳምንት አንዴም ሁለቴም ያደርጋታል። ድካም ነው ብላ ተወችው።

ለጥናቷ የጎደሏትን የመጨረሻ ባልና ሚስት፣ አንድ ልብስ ሰፊና ሚስቱን፣ ያገኘቻቸው የጃኬቷን ዚፕ ልታስቀይር ሄዳ ነው። ቤቱ ጠባብና ረጅም ነው። በመንገድ በኩል ያለው ክፍል የሥራ ቦታው፣ ከኋላ ማድ ቤቱ፣ መሃሉ መስኮት የሌለው ጨለምለም ያለ ኮሪደር። ዚፑን ሲቀይርላት ሚስትየው ከውስጥ ሻይ ይዛ ወጣች፣ ለእንግዳዋ ሰጠች፣ ባሏን እንደ ግድግዳ አልፋው ተመለሰች። እሱም ቀና አላለም። ፖስታ እንዲህ መተላለፍን አሳምራ ታውቀዋለች። ስለ ጥናቷ ስትነግራቸው ሁለቱም እሺ አሏት፤ ለየብቻ እርግጥ ነው።

አማካሪዋ አስጠንቅቃታለች። "ለየብቻ ጠይቂያቸው። ከዚያ ጥግ ይዘሽ ተቀመጪና እዪ። ደግሞ የአንዱን ቃል ለሌላው እንዳታደርሺ! ያን ያደረግሽ ቀን ጥናትሽ አበቃለት።" ፖስታ ይህን ስትሰማ ከጀርባዋ ሸክም ያወረዱላት ያህል ነበር ደስ ያላት። አታድርሺ ያላት ሰው በሕይወቷ ኖሮ አያውቅም።

"ጋሼ፣ የተጣላችሁት በምንድን ነው?" አለችው ሰፊውን።

"እኔ ምኑን አውቄው! እሷን ጠይቂያት።"

ማድ ቤት ገባች። "እትዬ፣ በምን ነበር የተጣላችሁት?"

"ወይ ጉድ! እሱን አትጠይቂውም?"

ሁለቱም ረስተውታል። ጠቡ ሞቶ ኩርፊያው ቀርቷል፤ አይ የሰው ነገር! ፖስታ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ቀጠለች። "ታዲያ ለቤት ነገር እንዴት ትግባባላችሁ?"

"በልጃችን ነዋ።" ሴትዮዋ ሽንኩርት እየከተፈች ነው፣ እጇ አላቆመም። "እሷ ታደርሳለች።"

"የት ናት? እሷንም ባነጋግራት..."

"ሌላ ከተማ ነው ያለችው፤ ነርስ ናት። ሥራ ከያዘች ቆየች።"

"ታዲያ አሁን ማን ነው የሚያደርሰው?"

ሴትዮዋ ቢላዋውን አስቀምጣ ዞረችና ፖስታን ያመማት ነገር ያለ ይመስል አየቻት። "ልጃችን ታደርሳለች አልኩሽ እኮ።"

በነጋታው ፖስታ ተመልሳ መጥታ ኮሪደሩ ውስጥ ወንበር ይዛ ተቀመጠች። ከጎኗ፣ ግድግዳውን ተጠግቶ፣ የልጅ በርጩማ አለ። ቀለሙ ተፋፍቆ እንጨቱ ወጥቷል፤ አቧራ ግን የለበትም። ከፊት ክፍል የስፌት መኪናው ይንጫጫል። ያ መኪና ሲሠራ እንኳን የማድ ቤት ወሬ፣ ጆሮህ ሥር ቢጮሁብህም አትሰማም።

ሚስትየው ከማድ ቤቱ በር ብቅ አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ፖስታንም አላየቻት። በርጩማውን እያየች "ለአባትሽ ንገሪው፤ ሽንኩርት አልቋል" አለችና ገባች።

ከዚያ ምንም አልሆነም። መኪናው ይንጫጫል። ፖስታ ልክ ተረት እንደሚነገረው ልጅ ጉንጯን በእጇ ደግፋ ትጠብቃለች። አንድ ሕፃን ያን ኮሪደር በቀስታ ለመጨረስ የሚፈጅበትን ያህል ጊዜ አለፈ፤ መኪናው ጸጥ አለ። ሰፊው ጎንበስ አለ፤ ጉልበቱ አጠገብ ለቆመ ሰው እንደሚጎነበሱት። "እሺ፣ ስወጣ እገዛለሁ በያት" አለ። መኪናው ተነሳ። ትንሽ ቆይቶ ከማድ ቤት "ጎሽ፣ የኔ ልጅ" የሚል ድምፅ መጣ።

የፖስታ ፀጉር ቆመ። በአጋጣሚ ይሆናል አለች። ልማድ ነው፣ ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ ሰውየው ሰዓቱን ያውቀዋል አለች። ግን እጇ በራሱ ሄዶ በርጩማውን ነካው። ሰው አሁን የተነሳበት ያህል ይሞቃል።

ፖስታ የነርሷን ስልክ ከሚስትየው ተቀብላ ጠዋት ደውላላት ነበር፤ ነርሷም ከሰዓት በኋላ ደውዪልኝ ብላታለች። ፖስታ ከቤቱ ወጥታ መደወል ስትችል እዚያው ኮሪደር ውስጥ ሆና ደወለች፤ ለምን እንዲህ እንዳደረገች ቢጠይቋት አትመልስም። ከወዲያ የመጣው ድምፅ ዝቅ ያለና የደከመ ነው።

"አንቺም ነሽ አይደል?" አለቻት ነርሷ፣ ገና ሰላምታው ሳያልቅ።

"ምን?"

"አድራሽ።"

ፖስታ ስልኩን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። "በምን አወቅሽ?"

"'ትላለች፣ ይላል' ነው ወሬሽ። ማን ልበል ስልሽ እንኳ 'ፖስታ ይሉኛል' አልሽኝ። እኔም እንደዚያው ነኝ እህቴ። እዚህ ሆስፒታል ሁሉም ይወደኛል፤ የሐኪሙን ለበሽተኛው፣ የበሽተኛውን ለሐኪሙ ሳላዛንፍ አደርሳለሁ። አንድ ሰው መጥቶ ላግባሽ ሲለኝ ግን ምን እንደምለው ጠፋኝ። ቆሜ አየሁት። ጠብቆ ጠብቆ ሄደ። እና ከዚያ ቤት ወጣሁ እንጂ ሥራዬን አልለቀቅኩም። አንዳንዴ መርፌ ልወጋ ክንድ ይዤ..."

በዚህ ጊዜ ሚስትየው ከማድ ቤቱ በር ብቅ አለች። ፖስታ የስልኩን አፍ በመዳፏ ከደነችው። ሴትዮዋ በርጩማውን አየች። "ለአባትሽ ንገሪው፤ ጎረቤታችን ቀሚሱን ለነገ ትፈልገዋለች።" ገባች።

ፖስታ ስልኩን ወደ ጆሮዋ መለሰችው። ነርሷ ንግግሯን አቋርጣለች። ትንፋሿ ብቻ ይሰማል። ከዚያ በዚያ ዝቅ ያለ ድምፅ ፈንታ አንድ የአምስት ዓመት ልጅ፣ እየሮጠች የመጣች ልጅ፣ እያለከለከች ተናገረች።

"ጎረቤታችን ቀሚሱን ለነገ ትፈልገዋለች አለችህ።"

የስፌት መኪናው ቆመ። "ዛሬ እጨርሰዋለሁ በያት" አለ ሰፊው፣ ጎንበስ ብሎ።

ፖስታ ጮኸች ማለት ይቻላል። አፏን በጃኬቷ እጅጌ አፈነችው። ከስልኩ ውስጥ ነርሷ በራሷ ድምፅ "ይቅርታ፣ ምን እያልኩሽ ነበር?" ትላለች። ፖስታ ያየችውን ነገረቻት፤ አደረሰችላት ቢባል ይሻላል፣ ሌላ ምን ታውቃለች! ነርሷ አልደነገጠችም።

"አውቃለሁ" አለች። "እኔ ወጣሁ፣ ትንሿ ልጅ እዚያ ቀረች። እያሯሯጧት ነው። የምደክመው እኔ ነኝ።"

ፖስታ ያን ጊዜ ነው ውሃው የተዘጋበት ቀን ትዝ ያላት። የእሷ አፍ በክፍል ፊት ያደረሰውን ቃል ማን ለማን እንደላከው ገባት።

"ማቆም አይቻልም?"

"የራስሽን ቃል እዚያ ቤት ውስጥ ተናግረሽ ታውቂያለሽ?"

ፖስታ አሰበች። "አላውቅም።"

"እኔ አንድ ጊዜ ሞክሬአለሁ።"

"ከዚያስ?"

"አልሰሙኝም። እህቴ፣ አላዳመጡኝም አይደለም የምልሽ፤ አልሰሙኝም። ፈራሁና ማድረሱን ቀጠልኩ። ሳደርስ ቢያንስ ይሰሙኛል።" ከወዲያ ሰው ጠራት። "አንቺ ግን ሞክሪ። ከራስ በላይ ነፋስ ነው" ብላ ዘጋችው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፖስታ ወላጆቿ ቤት በር ላይ ቆመች። በአውቶቡሱ ውስጥ መንገዱን ሙሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ስታጠና ነው የመጣችው፦ ደክሞኛል፣ ከእንግዲህ አላደርስም። ይህችን ካልተናገረች ፈተናውን አታልፍም፣ ፈተናውን ብታልፍም ያቺን ነርስ ነው የምትሆነው። ልታንኳኳ እጇን ስታነሳ ከውስጥ የእናቷ ድምፅ መጣ።

"ንገሪው፤ የመኝታ ቤቱ አምፖል ተቃጥሏል።"

እጇ አየር ላይ ቀረ። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ተሰማት። ጥርሷን ነከሰች፣ ትንፋሿን ያዘች፤ ማን ሰምቷት! "አምፖሉ ተቃጥሏል አለችህ" አለ አፏ ለተዘጋው በር፣ በዚያ በቀጭኑ ድምፅ። ከውስጥ ጋዜጣ ተንኮሻኮሸ። "እሺ፣ እቀይረዋለሁ በያት" አለ አባቷ። አሁንም ከንፈሯ። አሁንም ለበሩ። ከዚያ እናቷ፣ በፍቅር፦ "ጎሽ፣ የኔ ልጅ።"

ፖስታ እንባዋን ጠራርጋ አንኳኳች።

"ውይ! ልጄ!" እናቷ ዘላ ተጠመጠመችባት። አባቷም ጋዜጣውን ጥሎ ተነሳ፣ አገላብጦ ሳማት። ክፉ ሰዎች እንዳይመስሏችሁ። ዳቦ ተቆረሰ፣ ሻይ ተቀዳ፤ እናት በዚህ፣ አባት በዚያ፣ የእሷ ወንበር መሃል። ስትቀመጥበት ሞቆ አገኘችው።

"ለአባትሽ ንገሪው፤ ልጅቷ ከስታለች" አለች እናቷ።

"ለእናትሽ ንገሪያት፤ ትምህርቱ ነው" አለ አባቷ፣ ሳይጠብቅ።

በሌላ ቀን ቢሆን ፖስታ ትስቅ ነበር። ዛሬ ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "እማዬ፣ ራስሽ ንገሪው። ይኸው ፊትሽ ነው።"

እናቷ ፊቷ ቀላ፣ ከዚያ ገረጣ። ትናገራለች ብላ ፖስታ አላሰበችም ነበር። ግን ልጅ ክፉ ነገር ነው፣ እናት ለልጅ የማታደርገው የለም። ሴትዮዋ ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ ዓይኗን ወደ ባሏ አነሳች።

"ጸጉርህ ሸበተ" አለችው።

የፖስታ ልብ ዘለለ። አባቷን አየችው። አባቷ የሚስቱን አፍ ትኩር ብሎ እያየ ነው፣ ከመስታወት በስተጀርባ ያለ ሰው እንደሚያዩት። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ።

"ምን አለች?"

"አባዬ፣ እዚሁ እኮ ነው የተናገረችው!"

"ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ምን አለች?" ድምፁ ውስጥ ልመና አለ። ጆሮው ደህና ነው፤ የአውቶቡሱን ሞተር ሕመም ከሩቅ የሚሰማ ሰው ነው። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል፤ ለካ ጆሮም እንደዚያው ነው። እናቷ ደግማ ተናገረች፣ ጮክ ብላ፣ እንባ እየተናነቃት። አባትየው ከልጁ ላይ ዓይኑን አልነቀለም። "ንገሪኝ እንጂ፣ ምን አለች?"

ቃሉ ፖስታ ጉሮሮ ላይ ደርሶ ነበር። ጸጉርህ ሸበተ አለችህ። ቀላል ነው፣ ሦስት ቃል ነው፣ ሁለቱም ዕረፍት ያገኛሉ። ምላሷ ተነስቶ ጥርሷን ነካ። ዋጠችው። ወንበሯን ወደኋላ ገፍታ ቆመች።

"ደክሞኛል" አለች። "ሰማችሁ? እኔ ነኝ የምናገረው። ደክሞኛል፤ ከእንግዲህ የማንንም ቃል አላደርስም።"

ድምፅዋ ወፍራም ነበር። አታውቀውም፤ እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላት ማንም ነግሯት አያውቅም። ደስታው ራሷን አዞራት።

ሁለቱ ግራ ገብቷቸው አዩዋት። ከዚያ አባቷ ቀስ ብሎ ከእሷ ላይ ዓይኑን አንስቶ፣ ሌላ የሚጠይቀው ሰው ስላልነበረ፣ ሚስቱን አያት።

"ምን አለች?" አላት።

"እንጃ" አለችው እናቷ። "እኔም አልሰማሁም። አፏ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው።"

"አሟት ይሆን?"

"ከስታለች፣ አላየሃትም?"

"ትምህርቱ ነዋ።"

ተነጋገሩ። እንደዋዛ፣ ትናንትም ሲነጋገሩ እንደነበሩ ሰዎች ተነጋገሩ። ፖስታ ልጅ ሳለች ለዚህ ነገር ተንበርክካ ለምናለች፣ አልቅሳለች፣ ሁለቱንም በአንድ ክፍል ቆልፋባቸው ታውቃለች። አሁን መሃላቸው ቆማ "እማዬ! አባዬ! እዚህ ነኝ!" እያለች ጉሮሮዋ እስኪነቃ ትጮሃለች። እነሱ ስለ እሷ ይጨነቃሉ፣ እርስ በርስ። እናቷ "ጸጉርህ እኮ ሸበተ" አለችው ድንገት፤ እሱም ሰማት፣ እጁን ወደ ራሱ ሰዶ እንደ ልጅ አፈረ። ከዚያ ተነስቶ የመሃሉን ወንበር ግድግዳ ሥር አስጠጋውና ሚስቱ አጠገብ ተቀመጠ።

ፖስታ ጥናቷን ያቀረበች ቀን አማካሪዋ እንዳለችው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀቻት። ፖስታ መለሰች፣ በራሷ ቃል፣ በዚያ ወፍራም ድምፅ። የክፍሏ ልጆች ዞር ዞር ብለው "ይቺ ማን ናት?" ተባባሉ። አማካሪዋ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። "ለካ ሰው ነበርሽ!" አለቻት፤ ከዚያች ሴት አፍ ይህ ትልቅ ምርቃት ነው።

ከሕንፃው ስትወጣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ቤት ደወለች። እናቷ አነሳችው።

"ሄሎ?"

"እማዬ፣ አለፍኩ!"

"ሄሎ? ማን ልበል?"

እናቷ ምን ስትላት እንደምትሰማት ፖስታ ታውቃለች። "አባዬ እንዲህ ብሎሻል" ብላ ብትጀምር እናቷ ወዲያው "ውይ ልጄ!" ትላታለች። ቃሉ እስከ ከንፈሯ መጣ። ከንፈሯ ሳይቀር ተንቀሳቀሰ።

"እማዬ፣ ናፍቀሽኛል" አለች፣ በራሷ ድምፅ።

"ሄሎ?" አለች እናቷ። ከዚያ ስልኩን ከጆሮዋ አራቅ አድርጋ ወደ ቤት ውስጥ ስትናገር ተሰማች። "እንጃ፣ የሚናገር የለም።"

"ዝጊውና ነይ፣ ሻይሽ ቀዘቀዘ" አላት አባቷ።